ከደጅ የቀረው ሃምሳ አለቃ

አንድ ሃምሳ አለቃ ነበረ። ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል። ከጦር ሜዳ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ ያረጀ ሰው ነው።

ቤተ ክርስቲያን አይስምም ማለት አይደለም። እሑድ በሆነ፣ በዓል በሆነ ቁጥር ከሰው ሁሉ ቀድሞ ኪዳነ ምሕረት ይደርሳል። ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ ቀጥ ይላል። በሩን ተሳልሞ ከወይራው ሥር ከዘራውን ተደግፎ ይቆማል፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከዚያ ንቅንቅ የለም። ውስጥ ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል፣ እሱ መቼም የቆመ ነው፣ ከዘራውን ለቆ ደረቱን ይነፋል። የተመታው ጉልበቱ ይንቀጠቀጥበታል። እሱ ግን እንደዚያው ይቆያል።

ሚስቱ አንጓች ትገባለች። ስትወጣ የቅዳሴ ጸበል በጣሳ ይዛለት ትመጣለች። ባርኔጣውን አውልቆ፣ አማትቦ ይጠጣል። ከዚያ ተያይዘው ወደ ቤታቸው ይወርዳሉ። እንዲህ ሲሉ ነው ጠጉራቸው የነጣው።

ወደ ጦርነቱ የሄደ ጊዜ ብቻውን አልነበረም። ድንበር ተደፈረ ተብሎ ጥሪ ሲመጣ፣ ከዚያች መንደር እሱና ጓደኛው ፈንታሁን አብረው ተነሡ። አብረው ያደጉ፣ አብረው ከብት የጠበቁ ነበሩ። ቢያድግልኝ ተመለሰ። ፈንታሁን አልተመለሰም። የፈንታሁን እናት ሌላ ልጅ አልነበራቸውም፤ መነኮሱና እማሆይ ወለተ ሐና ተባሉ። ከቤተ ክርስቲያን አይጠፉም።

ቢያድግልኝ በየዓመቱ ጤፉ ሲወቃ መጀመሪያ የሚሰፈረውን ለእማሆይ ይልካል። ራሱ ግን አይሄድም። የምታደርስላቸው አንጓች ናት። እማሆይም ተቀብለው፣ መርቀው፣ «እሱስ ደኅና ነው?» ይላሉ። «ደኅና ነው» ትላለች። በዚህ ያበቃል።

መንደሩ ስለ ቢያድግልኝ የየራሱን ይናገር ነበር። «ደም ያለበት ሰው ነው፣ እንዴት ይገባል?» የሚል አለ። «ካምፕ ውስጥ ሃይማኖቱን አስጥለውት ነው» የሚል አለ። «ኩራት ነው፤ ማዕረግ ያለው ሰው ከገበሬ ጋር ተጋፍቶ አይቆምም» ያለም አልጠፋ። የሰንበቴው ማኅበር ሙሴ፣ መሪው አያ ስንሻው ደግሞ ተጫዋች ነው፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሳይነካው አያልፍም።

«ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬም ዘብ ነህ? ተረኛው ቀረብህ እንዴ?»

«ቀረብኝ፣ አያ ስንሻው። አንተ ትተካኝ?»

«እኔማ እንቅልፋም ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያኑን አሰርቃለሁ። ግን የሰላም ደጅ ላይ ወታደር ምን ይሠራል?»

ሰው ይስቃል። ቢያድግልኝም ፈገግ ይላል። አንጓች ናት የማትስቀው።

አንጓች በዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ከባሏ ጋር መቁረብ። ባልና ሚስት ናቸውና ብቻዋን የምታደርገው ነገር አይደለም። ለመቁረብ ደግሞ መግባት ያስፈልጋል። «ዘንድሮ ይገባል» እያለች ስንት ፋሲካ አሳለፈች። በዚያ ዓመት ቢያድግልኝን ሳል ያዘው። መከሩን ሳያይ ተኝቶ ከረመ። ሲነሣ ልብሱ ሰፍቶት፣ አንገቱ ቀጥኖ ነው የተነሣው። ያን ጊዜ ልቧ ራደ። ከደጅ እንደቆመ ይቀርብኛል ብላ ፈራች።

የከተራ ዕለት ነጠላዋን እያጣፋች፣ «ዛሬ እንኳ አብረን እንውረድ» አለችው። ታቦቱ ወደ ወንዙ ወርዶ በድንኳን የሚያድርበት ቀን ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ ተከትሎ ይወርዳል።

«ሰው ሁሉ ከወረደ ቤቱን ማን ይጠብቅ?» አለ።

«ባዶ ቤት ምን ይሆናል?»

«ነገ ታቦቱ ሲመለስ ወና ይቆየው?»

«አንተ ሰው፣ መምሬ ልሳነወርቅ ንስሐህን ተቀብለው ፈትተውሃል። ቀኖናህን ጾመህ፣ ሰግደህ ጨርሰሃል። ከዚያ ወዲያ ምን ቀረህ?»

ከዘራውን አነሣ።

«ትሞትብኛለህ» አለችው። «ከደጅ ትሞትብኛለህ። እኔም ሳልቆርብ እቀራለሁ።»

«ውረጂ አንጓች፤ ከበሮው ተመታ» አለና ጋቢውን ደርቦላት ወደ ደጀ ሰላሙ ሄደ።

ያን ዓመት የጥር ውርጭ አይጣል ነበር። ታቦቱን አጅቦ ወንዝ ዳር ያደረው ሕዝብ እሳት ከቦ፣ ተቃቅፎ፣ ሲንቀጠቀጥ ነጋበት። ጠዋት ግን ጸበሉ ተረጨ፣ ፀሐይ ወጣ፣ ሰው ብርዱን ረሳ። ታቦቱ ወደ መንበሩ ሊመለስ ተነሣ። ወንዱ በሆታ፣ ሴቱ በእልልታ፣ ዳገቱን ያዘው። አንጓች ከሴቶቹ ጋር ነበረች። እልልታው ከጉሮሮዋ አልወጣ ብሏት ዝም ብላ ትሄዳለች።

ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርሱ ታቦቱ ቆመ።

ተሸካሚው ቄስ ደክሟቸው ይሁን፣ ታቦቱ ራሱ አልሄድም ብሎ ይሁን፣ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ጥላ ያዦቹ ቆሙ። ከበሮው ዝም አለ። ሕዝቡ ተንበርክኮ «እግዚኦ» ይል ጀመር። ታቦት ቆመ ማለት አንድ ነገር አልተስተካከለም ማለት ነው፤ ያን የማያውቅ የለም።

«የተጣላ ካለ ይታረቅ!» አለ አያ ስንሻው ድምፁን ከፍ አድርጎ።

በእርሻ ወሰን የተኳረፉ ሁለት ጎረቤታሞች ተፈላልገው ተሳሳሙ። አንዲት ሴትዮ ብድግ ብላ፣ «የወሰድኩብሽን ወንፊት ዛሬውኑ እመልሳለሁ» ስትል፣ ባለ ወንፊቷ «እኔ እኮ ጠፋ ብዬ ልጄን ገረፍኩት!» አለች። በዚያ ጭንቅ መካከል ሰው ሳቀ። ታቦቱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። «ደጁ ላይ የቆመው ማነው?»

ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ ወይራው አየ። ቢያድግልኝ እንደ ወትሮው እዚያው ነበር።

«ደም ያለበት ሰው መንገዱ ላይ ቆሞ ታቦት እንዴት ይለፍ?» አለ ያው ድምፅ።

ማንም «ተው» አላለም። አያ ስንሻው እንኳ አንገቱን ደፋ። ቢያድግልኝ ሰማ። ባርኔጣውን አንሥቶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ እያነከሰ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። አንጓች ሰው እየገፋች ደርሳ የኮቱን ጫፍ ያዘችው።

«ወዴት ነው?»

«መንገዱን ልልቀቅላቸው፣ አንጓች።»

«ዛሬ ከዚህ ከሄድክ ሁለተኛ አትመጣም። አውቅሃለሁ።»

«ልቀቂኝ።»

«አልለቅም! ከሄድክም እኔም እሄዳለሁ፤ ከደጁም እንቅር ሁለታችንም!»

«ቢያድግልኝ፣ ቁም!» አሉ መምሬ ልሳነወርቅ። ስንት ዓመት ትእዛዝ ሰምቶ ያደገ እግር ነውና፣ ቢያድግልኝ ሳያስበው ተጠንቀቅ ብሎ ቆመ።

መምሬ ልሳነወርቅ የነፍስ አባቱ ናቸው። በእጅ መስቀላቸው ሕዝቡን ከፍለው መጡና መካከል ላይ ቆሙ።

«‹ደም አለበት› ያለው ማነው?» አሉ። «የዚህን ሰው ንስሐ የተቀበልኩ እኔ ነኝ። ቀኖናውን ፈጽሟል። እግዚአብሔር የፈታውን የሚያስር ከመካከላችሁ ካለ ወጥቶ ይናገር።»

ወደ አያ ስንሻው ዞሩ።

«ስንሻው፣ ና ወዲህ። ይህ ሰው ማነው?»

«ሃምሳ አለቃ ቢያድግልኝ ነዋ፣ አባታችን።»

«እሱ ማዕረጉ ነው። ሥራውስ?»

«ወታደር።»

«አፍህ ችኩል ነው። ቃሉ የመጣው ከምን እንደሆነ አባቶች ሲናገሩ አልሰማህም? ወጥቶ አደር ነው። ከቤቱ ወጥቶ፣ ውጭ የሚያድር።»

«ወጥቶ አደር» አለ ስንሻው ቀስ ብሎ። ሰውም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደገመው። ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት የኖሩት ቃል ነው፤ እንደዚያ ብለው ሰምተውት ግን አያውቁም።

«ትናንት ወንዝ ዳር ወጥተህ አደርክ። እንዴት ነበር?»

«ኧረ አይነሣ፣ አባታችን! ሁለት ጋቢ ደርቤ፣ እሳቱን አቅፌው፣ ጥርሴ እርስ በርሱ ሲጋጭ ነው የነጋው።»

«ለአንድ ሌሊት ነው። ለዚያውም እሳት አለ፣ ጠላ አለ፣ የሚተኩስብህ የለም። አንተ የተዳርክ ዓመት ይህ ሰው የት ነበር?»

ስንሻው አሰበ። «ድንበር... ድንበር ላይ ነበር።»

«ድንኳን ተክለህ ስትጨፍር ያደርከው ማን ውጭ አድሮልህ ነው? እኔስ በዚህ መቅደስ ሳልሸበር የቀደስኩት? እናንተስ ልጆቻችሁን ክርስትና ያስነሣችሁት?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ታቦቱ አንድ ሌሊት ውጭ ቢያድር ይኸው ከወንዝ እስከዚህ በእልልታ መጣን። ታቦትን ከሰው ጋር አላስተካክልም፤ እንደዚያ እንዳታስቡብኝ። ግን ልጠይቃችሁ። ይህ ሰው የተመለሰ ቀን እልል ያለ ማነው?»

አንጓች ያን ቀን ታስታውሳለች። ሰው ሁሉ ለቅሶ ላይ ነበር፤ የፈንታሁን መርዶ የተነገረ ሰሞን ነው። ባሏ በገደሉ በኩል፣ ሰው በማይሄድበት መንገድ፣ እያነከሰ መጣ። በሯ ላይ ስታየው እልልታው አፏ ላይ መጣ። ማዶ የፈንታሁን እናት ዋይታ ይሰማል። አፏን በመዳፏ ይዛ አስገባችው። እንኳን ደኅና መጣህ ያለው ሰው የለም። ክፋት አልነበረም። ሀዘን ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ሁሉም ረሳው።

ቢያድግልኝ ቀና አለ። ከሴቶቹ መካከል መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙትን እማሆይ ወለተ ሐናን አየ። ከተመለሰ ወዲህ ፊት ለፊት ሲያያቸው የመጀመሪያው ነው።

«ደም አይደለም ያስቀረኝ» አለ። «ደሙንስ ለአባቴ ተናግሬዋለሁ። እማሆይ፣ ልጅዎን ይዤ ወጥቼ ብቻዬን ተመለስኩ። እርስዎ ውስጥ ቆመው እኔ በየት በኩል ልግባ?»

እማሆይ መቋሚያቸውን እያስቀደሙ መጡ። ወገባቸው ጎብጧል። ቀና ብለው እስኪያዩት ጊዜ ወሰደባቸው።

«ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው፣ እማሆይ።»

«አዬ ሞኝ! እኔ ደግሞ የጠላኸኝ መስሎኝ! እሷን ሳይ እሱ ትዝ ይለኛል ብለህ የምትሸሸኝ መስሎኝ! ጤፉን ስትልክ የምቀበለው እህል አጥቼ ነው? አንድ ቀን ራስህ ታመጣውና ስለ ልጄ ታወራኛለህ ብዬ ነው እኮ ደጅ ደጁን የማየው።»

«ምን ብዬ ላውራዎት?»

«አሟሟቱን አይደለም። ተወው እሱን። ስትኖሩ እንዴት ነበር? ምን ይል ነበር?»

ቢያድግልኝ ከዘራውን ጠበቅ አደረገው። «ብርድ ሲጠናብን... እኔ ሳማርር እሱ ይስቅብኝ ነበር። ‹ይልቅ እናቴ አሁን ተኝታለች፤ እሱ ይበቃኛል› ይል ነበር።»

«እውነቱን ነው» አሉ እማሆይ። «ተኝቼ ነበር። ስፀልይለት አመሽና ድክም ብሎኝ እተኛ ነበር። እንቅልፌ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር።»

እጁን ያዙት። ያ ድሮ የጠፈር ማገር የሚያህል የነበረ ክንድ በእኚያ በቀጠኑ ጣቶች ተያዘ።

«ስማኝ ልጄ። አንተ ከደጅ በቆምክ ቁጥር እሱም ከደጅ እንደቆመ ነው የሚታየኝ። ግባ። ግባና አስገባልኝ።»

ይህን ብለው፣ በዚያ በደከመ ጉሮሮአቸው፣ እልል አሉ። ሴቶቹ የእናትየውን ድምፅ ሲሰሙ የሚይዛቸው ጠፋ። አንጓችም እልል አለች፤ እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ ባሏ በገደሉ በኩል የመጣ ቀን በመዳፏ የመለሰችውን ሁሉ አወጣችው። አያ ስንሻው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ተጎንብሶ የሃምሳ አለቃውን ጫማ ፈታለት።

«ተው እንጂ፣ አያ ስንሻው፣ እኔ እፈታዋለሁ!»

«ዝም በል አንተ! ተረኛህ መጥቷል።»

ቢያድግልኝ በእማሆይና በአንጓች መካከል ሆኖ በደጀ ሰላሙ ገባ። ከኋላቸው ከበሮው ተመታ። ታቦቱም ተንቀሳቅሶ ተከተላቸው።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ባልና ሚስቱ ቆረቡ። ከቅዳሴ በኋላ ቢያድግልኝ ከእማሆይ አጠገብ ይቀመጣል፤ ፈንታሁን ያለውንና ያደረገውን ያወራቸዋል፤ እሳቸውም ጨርሶት እንደሆነ «ድገመው» ይላሉ። ብዙ ዓመት አልኖረም። ያረፈ ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ወጥቶ ሸኘው። አንጓች ከለቅሶዋ መካከል «ተመስገን» ስትል የሰሟት ገርሟቸው ነበር። እሷ ግን የምታመሰግነው ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። ከውስጥ ሆኖ ነው የሞተው።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው ነው። ጦርነት ደግ ነው አይልም፤ ጦርነትማ እናትን ያለ ልጅ የሚያስቀር ነገር ነው። የሚለው ሌላ ነው። በሰላም የተኛንበት ሌሊት ሁሉ ውጭ ያደረ ሰው አለው። ጌታችንም መከራን የተቀበለልን ከከተማው ቅጥር ውጭ ወጥቶ ነው፤ እኛ እንድንገባ። በእሱ የምናምን ሰዎች፣ ለሌላው ብሎ የወጣውን ሰው ከደጅ ልንተወው አይገባንም። የተመለሰውን እንኳን ደኅና መጣህ እንበለው፤ የቀረውን በስሙ እናንሣው፤ እናቱንም አጠገቧ ተቀምጠን እንስማት። ምስጋና ዘገየ ተብሎ አይቀርም። እንደ እማሆይ ያለች አንዲት ደካማ ጉሮሮ ብትጀምረው ሕዝቡ ይቀበላታል።

በእናንተስ ደጅ ወጥቶ ያደረ ማን ቆሟል? «ግባ» የሚለውስ ማነው?